ብሩ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? ጎንደር ላይ ሆኖ ትክክለኛ የትወና ወኪል ስለመፈለግ

በቴሌግራም የሚዞረው ማስታወቂያ መልኩ ብዙም አይለያይም። «በቅርቡ ለሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ ከጎንደርና አካባቢዋ አዳዲስ ፊቶችን እንፈልጋለን። ልምድ አያስፈልግም። ዕድሜ ከ16 እስከ 30። መመዝገቢያ 500 ብር ብቻ። ቦታው ውስን ስለሆነ ይፍጠኑ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥርና ብሩ የሚላክበት የቴሌብር ስም ተቀምጧል። የድራማው ርዕስ፣ የዳይሬክተሩ ስም፣ የድርጅቱ አድራሻ የለም። ኦዲሽኑ የት እንደሚካሄድም አልተገለጸም። ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ከዕድሜው ሌላ ቁርጥ ያለ መረጃ የሚሰጠው ዋጋውን የሚናገረው ብቻ ነው።

ማስታወቂያውን ቀስ ብሎ ላነበበው ሌላም ነገር ይታያል። እውነተኛ ዳይሬክተር የሚፈልገው ገጸ ባሕርይ ነው፤ «ዕድሜዋ 20 የሚገመት፣ ከገጠር የመጣች፣ እስክስታ የምትችል» ወይም «50 ዓመት አካባቢ የሆነ፣ ፂማም፣ የመሬት ደላላ የሚጫወት» ይላል። ከ16 እስከ 30 ያለውን ሁሉ የሚጠራ ድራማ የለም። ሁሉንም የሚጠራው ከሁሉም ኪስ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ነው። 16 ዓመት የሞላትን ልጅ እየጠራ ስለ ወላጅ ፈቃድ አንዲት ቃል አለመጻፉ ደግሞ ለብቻው የሚያሳስብ ነው። «ይፍጠኑ» የተባለውም ከወንድሟ ወይም ከመምህሯ ጋር ሳትማከር እንድትከፍል ነው።

ወኪል ማለት ተዋናዩን ወክሎ ሥራ የሚያፈላልግ፣ ዋጋ የሚደራደር፣ ውል የሚያይና ክፍያውን የሚያስፈጽም ሰው ነው። ገቢው ተዋናዩ ከሚከፈለው ላይ በመቶኛ የሚቆረጥ ኮሚሽን ነው። ይህ አሠራር ባለባቸው ብዙ አገሮች የተለመደው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ተዋናዩ ካልሠራ ወኪሉም አያገኝም። ስለዚህ ትክክለኛ ወኪል ሰው አያግበሰብስም፤ ሥራ የማያገኝለትን ሰው መያዝ ለእሱ ድካም እንጂ ትርፍ የለውም። ከምዝገባ የሚበላው ግን ሥራ ማፈላለግ አያሻውም፤ የሚያሻው ቀጣዩ ተመዝጋቢ ነው። መቶ ሰው 500 ብር ቢከፍል 50,000 ብር ይሆናል። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለግማሽ ቀን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሰው አሰልፎ፣ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ «እንደውላለን» ብሎ መሄድ ይቻላል። ለዚህ ነው ከየትኛውም ጥያቄ በፊት መጠየቅ ያለበት ብሩ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሆነው። ከአምራቹ ወደ ተዋናዩ፣ ከተዋናዩም ላይ ወደ ወኪሉ ከሄደ መንገዱ ትክክል ነው። ሥራ ከመምጣቱ በፊት ከተዋናዩ ወደ ወኪሉ ከሄደ፣ ስሙ ምዝገባም ሆነ የፋይል መክፈቻ፣ የካርድም ሆነ የፕሮሞሽን፣ ነገሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የትወና ሥልጠና መስጠትና ማስከፈል ነውር የለበትም፤ ፎቶ አንሺም ለሥራው ይከፈለዋል። ነውሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ «በእኛ ዘንድ ለሦስት ወር ከሠለጠንክ ወኪልህ እንሆናለን» ወይም «እኛ ከመረጥነው ፎቶ ቤት ካልተነሳሽ አንቀበልሽም» ሲባል። ሥልጠናው በራሱ ዋጋ ያለው ከሆነ የሚና ተስፋ ሳይለጠፍበትም ይሸጣል።

አሁን ወደ እኛው አገር አሠራር እንምጣ። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ነው። በውጭ ፊልሞች የሚታየው ቢሮ ተቀምጦ ለተዋናዩ የሚደውል ወኪል በኢትዮጵያ ገና በደንብ ሥር አልሰደደም። አብዛኛው ሚና የሚሞላው በዳይሬክተሩ፣ በረዳቱ ወይም በፕሮዳክሽን ማናጀሩ የስልክ መዝገብ ነው፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ታውቃለህ?» እየተባለ። ለማስታወቂያ ሥራ ሞዴሎችን የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ፤ የአንዳንድ አንጋፋ ተዋንያንን ድርድር የሚይዙ ሰዎችም አሉ። የመንግሥት ቴአትር ቤቶች፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተዋናይ የሚቀጥሩት ክፍት የሥራ ቦታ አውጥተውና ፈትነው ነው፤ እዚያ ወኪል ቦታ የለውም። ስለዚህ ለጀማሪ ወኪል የመጀመሪያው ደረጃ አይደለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ወኪል የሚፈልገው የሚያሳየው ሥራ ያለውን ሰው ነው። በባዶ እጁ የመጣን ሰው በደስታ የሚቀበል «ወኪል» ካለ፣ ደስታው ከየት እንደመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ታዲያ ጎንደር ላይ ያለ ወጣት የሚያሳየውን ሥራ ከየት ያምጣ? ከተማዋ ድሃ አይደለችም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች፣ የሬዲዮ ድራማ፣ በየአዳራሹና በየአደባባዩ የሚቀርቡ የማስተማሪያ ድራማዎች አሉ። ክፍያቸው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ነገር ግን የተቀረጸ ሁለት ደቂቃ ያተርፋሉ፤ ያ ሁለት ደቂቃ ከየትኛውም የምዝገባ ካርድ ይበልጣል። ሌላው የከተማዋ ሀብት ራሱ ቦታው ነው። ታሪካዊ ፊልም፣ ክሊፕና ማስታወቂያ የሚሠሩ ቡድኖች ለፋሲል ግቢ፣ በጥር ደግሞ ለጥምቀት ሲሉ ይመጣሉ። ሲመጡ አጃቢ ተዋንያን፣ ፈረስ የሚጋልቡ፣ ሽለላና ፉከራ የሚችሉ ሰዎችን የሚያሰባስብላቸው የአካባቢ አስተባባሪ ይይዛሉ። ከእነዚህ አስተባባሪዎች ጋር መተዋወቅ አዲስ አበባ ያለ የማይታወቅ «ኤጀንት» ከመፈለግ የበለጠ ያዋጣል። ለአጃቢነት ሲሄዱም የቀኑ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ይከፈል እንደሆነ፣ ምሳና መጓጓዣ በማን እንደሆነ፣ ቀረጻው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመነሳት በፊት በጽሑፍ መልእክት ማስላክ ነው። በቃል የተባለ ክፍያ ማታ ላይ ሲቀንስ የሚያከራክረው ማስረጃ ስለሌለ ነው።

ከጎንደር አዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ጊዜ መንገዱ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አይነገረውም፤ ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ መብረርም ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ኦዲሽን በቪዲዮ ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በሙያው የተለመደ ነው። «መጀመሪያ ና፣ ከመጣህ በኋላ እናያለን» የሚል ሰው የሌላውን ገንዘብና ደህንነት በቀላሉ የሚያይ ሰው ነው።

ቪዲዮው ደግሞ በደንብ መሠራት አለበት። እጅግ ብዙ ጥሩ ተዋናይ የሚወድቀው እዚህ ነውና ትንሽ እንቆይበት። ስልኩ በጎን ተጋድሞ፣ የካሜራው መነጽር (ሌንሱ) በዓይን ቁመት ልክ ይቀመጥ፤ መጽሐፍ መደራረብም በቂ ነው። በእጅ አይያዝ። ከኋላ ምንም ያልተለጠፈበት ባለ አንድ ቀለም ግድግዳ ይሁን። ብርሃኑ ከመስኮት ፊት ለፊት ይምጣ፤ መስኮቱ ከኋላ ከሆነ ፊት ይጨልማል። ረፋድ ላይ መቅረጽ ይሻላል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ የባጃጅ ድምፅ የሚቀንስበትን ሰዓት መምረጥ ነው። ድምፅ ከምስል ይልቅ ቶሎ ያሰለቻል፤ የማይሰማ ቪዲዮ ከአሥር ሰከንድ በላይ አይታይም።

መጀመሪያ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመትና የሚኖሩበት ከተማ በአሥር ሰከንድ ይነገር። ከዚያ ሙሉ ቁመና ለአፍታ፣ ቀጥሎ ከደረት በላይ ሆኖ ትወናው። ሁለት የተለያዩ ሞኖሎጎች (የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግሮች)፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልበለጡ፣ አንዱ ዝግ ያለ፣ ሌላው ሞቅ ያለ ቢሆኑ ይመረጣል። በመነጽሩ ውስጥ አፍጥጦ ማየት ይቅር፤ ከመነጽሩ አጠገብ አንድ ሰው ይቀመጥና ለእሱ ይነገር። መልስ የሚሰጠው ሰው ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ሙዚቃ መጨመር፣ ፊት የሚያለሰልስ ፊልተር መጠቀም፣ በመድረክ ላይ እንደሚጮኹት መጮኽ፣ እንባ በግድ ማምጣት፤ ከጀማሪዎች ቪዲዮ ላይ በብዛት የሚታዩት ጥፋቶች እነዚህ ናቸው። ካሜራው ቅርብ ነው፤ ሹክሹክታም ይሰማዋል። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። የፋይሉ ስም ላይ የራስን ስምና ስልክ መጻፍ አይርሱ። በሃምሳ ፋይል መካከል «ቪዲዮ 1» የሚል ስም ያለውን ማን ያስታውሰዋል?

ስለ አነጋገር አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ የጎንደር ልጆች ኦዲሽን ላይ የራሳቸውን አማርኛ ለመደበቅ ሲታገሉ ትወናው ይጠፋቸዋል። የጎንደር አነጋገር ጉድለት አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠሩ ብዙ ድራማዎች የከተማውን አነጋገር ይፈልጋሉ፣ እውነት ነው፤ የገጠር ወይም የታሪክ ሚና ሲመጣ ግን በልኩ የሚናገር ሰው ያጣሉ። ስለዚህ አንዱን ሞኖሎግ በገዛ አንደበት፣ ሌላውን በአዲስ አበባው አነጋገር መቅረጽ ነው። ሁለቱንም መቻሉን ያሳየ ሰው ሁለት በር ይከፈትለታል። ድምፁ ጥሩ ለሆነም ድምፅ ማልበስ አለ፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የድምፅ ናሙና ልብስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ቢቀረጽ ማስተጋባቱ ይቀንሳል።

ወኪል ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጣራት ያለበት ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን ሳይሸራረፍ መጣራት አለበት። የንግድ ፈቃዱንና የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩን መጠየቅ የመጀመሪያው ነው። በቲን ቁጥሩ ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱ መኖሩንና በማን ስም እንደሆነ ማየት ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ብቻ ማየት አይበቃም፤ የሌላ ሰው ፈቃድ ኮፒ ማድረግ ቀላል ነው። የሥራ ዘርፉም ይታይ፤ ፈቃዱ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሆኖ ሥራው የተዋናይ ውክልና ከሆነ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ፈቃድ መኖሩ ግን ሰውየው ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ሲጠፋ የሚፈለግበት አድራሻ አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ፣ ባለፈው ዓመት ሥራ ያስገኘላቸውን ሦስት ተዋንያን ከነድራማው ርዕስ ይንገረን ማለት ነው። ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ድራማውን ከፍቶ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ማየት ነው። ተዋናዩን በራሱ ገጽ ፈልጎ «እገሌ ወኪልህ ነው ወይ? በሰዓቱ ከፍሎሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወኪሉ በሰጠው ስልክ መደወል አይጠቅምም፤ ስልኩን የሚያነሳው ባልንጀራው ሊሆን ይችላል። «ለእገሌ ድራማ ነው የምንመለምለው» ከተባለም ወደ አምራቹ ወይም ድራማውን ወደሚያሳየው ጣቢያ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ስልክ ነው፤ ብዙውን ማጭበርበር የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው። ከታዋቂ ሰዎች ጋር የተነሱት ፎቶ ማስረጃ አይደለም። በቴሌብር ሲላክ የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ «ድርጅት ነን» ብለው የግለሰብ ስም ከመጣ እዚያው ማቆም ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ ውክልና በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚገዛው ነገር ነው። ሕጉ ወኪሉ ለወካዩ፣ እዚህ ላይ ለተዋናዩ፣ ጥቅም በፍጹም ቅን ልቦና እንዲሠራና ስለተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። አንቀጽ 2226 ደግሞ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችልና ይህን የሚከለክል የውል ቃል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ «አምስት ዓመት ከእኛ መውጣት አትችይም» የተባለች ልጅ ለፍርሃት የሚሆን ምክንያት ይቀንስላታል። ውክልናው ከመሻሩ በፊት ወኪሉ አስፈጽሞት የነበረ ሥራ ኮሚሽን ግን ይከፈለዋል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው።

በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር ያለባቸው፦ ኮሚሽኑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ከየትኛው ሥራ ላይ እንደሚቆረጥ (ለፊልም ብቻ ነው ወይስ ለማስታወቂያና ለመድረክ መሪነትም?)፣ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ተዋናዩ በራሱ ያገኘው ሥራ ይካተት እንደሆነ፣ ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባና በስንት ቀን ውስጥ ለተዋናዩ እንደሚደርስ። ለጀማሪ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ውል ይበቃል። ጎንደር ውስጥ ያለው ሥራ ከኮሚሽን ውጭ እንዲሆን መጠየቅም ይቻላል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለጎንደር ሬዲዮ ድራማ ምን አደረገና ይቆርጣል? ጠቅላላ ውክልና፣ ማለትም በአንድ ጉዳይ ያልተወሰነ ውክልና፣ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም፤ ለትወና ሥራ ድርድር ጠቅላላ ውክልና አያስፈልግም። ወኪሉ «እዚሁ ፈርም» ቢልም ውሉን ቤት ወስዶ፣ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ መመለስ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ተዋናዩ ከአምራቹ ጋር የተፈረመውን ውል በዓይኑ የማየት መብት በጽሑፍ ይኑረው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። አምራቹ ለአንድ ሚና 45,000 ብር ከፍሏል እንበል። ወኪሉ ለተዋናዩ «30,000 ነው የተስማማነው» ይለዋል፤ ከዚያ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ብር፣ ይቆርጥና 25,500 ብር ይሰጠዋል። ተዋናዩ ደስ ብሎት ይሄዳል። ወኪሉ ግን የወሰደው 4,500 ሳይሆን 19,500 ብር ነው፤ ከእውነተኛው ክፍያ 43 በመቶ። ይህ ዓይነቱ ቅሸባ የሚቻለው ውሉ ሲደበቅ ብቻ ነው። የተሻለው መንገድ አምራቹ ለተዋናዩ በቀጥታ እንዲከፍልና ተዋናዩ ኮሚሽኑን ለወኪሉ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። በተጨማሪም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለተዋንያን በሥራቸው ቀረጻ ላይ መብት ይሰጣል፤ «ምስሌንና ድምፄን ለማንኛውም አገልግሎት ለዘለዓለም» የሚል መስመር ሳይገባው የሚፈርም ሰው ያን መብት በነጻ እየሰጠ ነው።

18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ካልፈረመ ውል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉትን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም አይፈቅድም። የማታ ቀረጻ ያለው ሥራ ሲመጣ ወላጅ ይህን በእጁ ይዞ መነጋገር ይችላል።

ስለ ውጭ አገር «ዕድል» ዝም ማለት አይቻልም፤ ጉዳቱ ከ500 ብር እጅግ ያለፈ ነውና። «የአሜሪካ ኤጀንሲ ነን፣ ፕሮፋይልሽ ተመርጧል፣ የማስኬጃ ላኪ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ ወኪሎች ከግዛቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ፈቃድ እንዲያወጡ እንደሚያስገድድና ለመወከል ቅድሚያ ማስከፈልን እንደሚከለክል ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር፣ ሳግ አፍትራ፣ ከወኪሎች ጋር የሚሠራበት ኮሚሽን 10 በመቶ ነው፤ እሱም ከሥራ በኋላ። የሆሊውድን ስም ይዞ ቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው በዚያው በሆሊውድ አገር ሕግ ጥፋተኛ ነው። «ዱባይ ለሞዴልነትና ለማስታወቂያ ቀረጻ» ብሎ ፓስፖርት የሚሰበስብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178 የወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ፓስፖርት ለማንም «ለማስቀመጥ» አይሰጥም።

ለሴት ልጆች በተለይ፦ ኦዲሽን በቀን፣ በቢሮ ወይም በስቱዲዮ፣ ከአንድ ሰው በላይ ባለበት ይካሄዳል። የሆቴል መኝታ ክፍል የኦዲሽን ቦታ አይደለም፤ «ዳይሬክተሩ እዚያ ነው ያረፈው» ቢባልም። እህትን ወይም ጓደኛን ይዞ መሄድ የሚያስከፋው ሰው ሙያዊ ሰው አይደለም። ለልብስ ልክ ቁመት፣ ወገብና የጫማ ቁጥር በጽሑፍ ይላካል፤ ልብስ ያወለቀ ፎቶ ለማንም ሚና አያስፈልግም፤ አንዴ ከተላከ ማስፈራሪያ ይሆናል። መሳም ወይም መተቃቀፍ ያለበት ትዕይንት ካለም አስቀድሞ ከስክሪፕቱ ጋር ይላካል እንጂ ኦዲሽን ላይ በድንገት አይጠየቅም።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ የነቃ ሰውም ቢሆን የሚያደርገው ነገር አለ። በቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ከመጨቃጨቅ በፊት የንግግሩን ሁሉ ስክሪን ሹት ማንሳት ይቀድማል። የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር፣ የተላከበትን ቀንና የተቀባዩን ስም ማስቀመጥ፤ ሌሎች የከፈሉ ልጆችን ፈልጎ በአንድ ላይ መሄድ። በሐሰት ነገር አሳምኖ ገንዘብ መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ነው። አንድ ልጅ 500 ብር ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሠላሳ ልጆች የግብይት ቁጥራቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከየወላጆቻቸው ጋር ሲገቡ ግን መዝገብ ይከፈታል።